ወይዘሮ በተን

ባሌ በሰው ፊት ሲጠራኝ «ወይዘሮ በተን» ነው የሚለኝ። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ማይኩን የያዘው እሱ ነው። እኔ በየሰርጉ አዳራሽ ከጀርባው ኪቦርድ ታቅፌ የምቀመጥ ሴት ነኝ። ቀልዱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በጆሮዬ ለቅሜ ነው የተማርኩት። በጆሮ የተማረ ሰው እንደሚሆነው ደግሞ ጣቶቼ የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ነጭ ነጩን ቁልፍ። የፈለጋችሁትን ዘፈን አምጡልኝ፣ በነጩ ላይ እጫወትላችኋለሁ። አንድ ዘፋኝ መጥቶ «እናቴ፣ ይሄ ለኔ ከፍ ይልብኛል፣ አውርጂልኝ» ቢል፣ የተማረ ሰው ጣቶቹን ወደ ሌሎች ቁልፎች ያዛውራል። እኔ ግን ኪቦርዱ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ በተን ጫን አደርጋታለሁ። አንዴ ስጫናት ዘፈኑ እንዳለ ግማሽ ደረጃ ይወርዳል፤ ሁለቴ ስጫናት ሁለት። ጣቶቼ ግን ከነጩ ላይ ንቅንቅ አይሉም። ባሌ ይህቺን ነገር ያወቀ ዕለት ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ስምም አወጣልኝ፤ ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣብቆብኝ ቀረ።

ቶን የሚባለውን ነገር ሰው ያካብደዋል እንጂ ይሄን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ዘፈን ቤት አለው። ከቤቱ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ይንከራተታል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ያርፋል። የሚያርፍበት ድምፅ ቶኑ ነው። ቤቱን ኮረብታ ላይ ከሠራችሁት ዘፋኙ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ሜዳ ላይ ከሠራችሁት ዘና ብሎ ይገባል። ክፍሎቹ ያው ናቸው፣ በሩም ያው ነው፣ የሚለየው አቀበቱ ብቻ ነው። ክፍሎቹ ኮርዶቹ ናቸው፤ አንድ ላይ የሚነኩት ድምፆች። ከየትኛው ክፍል ወጥቶ ወደ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ አጃቢው ነው፤ ማለትም እኔ፤ ማለትም ወይዘሮ በተን።

ባሌ በዕድሜው ሙሉ ሰው አፍ የገባ አንድ ዘፈን ነው ያለው። አንድ! ግን ምን የመሰለ። በሱ የተነሳ እስከ ዛሬ ሰው «መብረቁ» ይለዋል። ያን ዘፈን የሠራነው ገና እንደተጋባን ነው፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ ኪቦርዷን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ግጥሙም ዜማውም የሱ ነው፣ አልክድም። ኮርዱን ስፈልግለት ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ ሆነ፤ ሰው ደክሞት ደረጃ ሲወርድ እንደሚሆነው ቀስ እያለ ወደ ታች። ሁለቱ ስንኝ እንዲህ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ተያዝን። «ይቺ ቦታ ትሞትብኛለች» ይላል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ያጨሳል። ጆሮ እዚያ ላይ ያዘነውን ኮርድ፣ ዲ ማይነርን ነው የሚጠብቀው፤ ሐዘን በሐዘን ላይ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መሃል ጣቴን ከነጩ አንስቼ አጠገቧ ያለችው ጥቁር ላይ አሳረፍኳት። የበራው ኮርድ፣ ዲ ሜጀር ሆነ። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ጥቁር ቁልፍ እሷ ብቻ ናት። ጨለማ ቤት ውስጥ ሰው ድንገት መስኮት የከፈተ መሰለ። ባሌ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ድምፁ ተወርውሮ ያቺን ጥቁር ቁልፍ ያዛት፣ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ተቃቅፈን ሳቅን። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ካሴቱ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ግጥም እሱ፣ ዜማ እሱ፣ ቅንብር እሱ። ከሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ምስጋና ለትዕግሥተኛዋ ባለቤቴ» ይላል። ትዕግሥተኛዋ! እንኳን ትዕግሥተኛ አለኝ፣ ሌላ ሙያ እንደሌለኝ።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ፣ ልጆች አድገው ወጡ፣ እኛ ከሰርግ ሰርግ እየዞርን ቀረን። እሱ፣ እኔ፣ ባስ ጊታር የሚጫወተው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ሰው የሚመጣው ሊበላ ነው እንጂ ሊሰማን አይደለም። ግን በየሰርጉ መጨረሻ ላይ ያን ዘፈን ይጠይቃሉ፣ መብረቁ ይነሳል፣ ሹካ ሁሉ ይቀመጣል። የሱ ኑሮ ያቺ ደቂቃ ናት።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት መጣ። ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁትና አንጀቴ አልችል አለኝ። ዘፈኑ ሲደርስ ሳልነግረው በተኗን አንዴ ጫን አደረግኳት። ዘፈነ፣ መስኮቷን ከፈታት፣ ሰው በጭብጨባ ሊሞት። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ «አየሽ? ጉንፋን እንኳ አይበግረኝም!» አለኝ። ምን ልበለው? ደስታውን ላበላሽበት አልወደድኩም። ጉንፋኑ ሲለቀው ልመልሰው አሰብኩ፣ ግን ገደል ዳር ላይ ሲንገዳገድ ታየኝና ተውኩት። ከዚያ ሁለት ሆነ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ አራት። ዕድሜ ነው፣ ማንንም አይምርም፤ እኔ ግን ለሱ እንዳይታወቀው በተን እየተጫንኩ ዕድሜውን ከፊቱ እደብቅለት ነበር።

ባስ ጊታር በተን የለውም። ስለዚህ ዋርሳዬ ሊያውቅ ግድ ነው፤ የጉንፋኑ ዕለት እንኳ በጆሮው አሳዶ ነው የደረሰብኝ። የነገርኩት ቀን እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። «እትዬ፣ ጋሼ ይሄን ካወቀ ይሞታል» አለኝ። «ታዲያ አያውቅማ» አልኩት። ከኪቦርዱ ሥር በጣቴ ቁጥሩን አሳየዋለሁ፣ እሱም ባሱን እዚያው ያወርዳል። እንዲህ እያልን ዘለቅን። ሌባ ይመስል እየተጠቃቀስን!

ባሌ ደግሞ ጉራው! ከሱ ጋር የጀመረ አንድ ዘፋኝ አንድ ሰርግ ላይ «አንድ ዝቅ አድርጉልኝ» ሲል ሰማውና ወር ሙሉ አልለቀቀውም። «እሱማ ምድር ቤት ገብቷል፤ ትንሽ ቆይቶ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚዘፍነው!» ይላል። «እኔ ካሴቱ ላይ ካለሁበት ፍንክች አላልኩም!» እኔ አንገቴን ደፍቼ የኪቦርዴን ስክሪን አያለሁ። አራት ዝቅ ይላል። ዋርሳዬ ወደ ጣሪያው ያያል።

አንድ ልማድ ነበረው፣ እሱን ልንገራችሁ። ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል፣ ወደ ግራ ዞር ብሎ ያየኛል። እጄ ከኪቦርዱ ጥግ ወደ ነጩ ቁልፍ እስኪመለስ ድረስ አፉን አይከፍትም። እኔ ሞኟ፣ ይሄ ሁሉ ሰርገኛ እያለ እኔን አይቶ ነው የሚጀምረው እያልኩ ልቤ ሙቅ ይል ነበር። የጎደለብኝን ሁሉ ያቺ አንድ እይታ ትሞላልኝ ነበር። ኤዲያ!

እንግዲህ አንድ ቀን አንድ የሙዚቃ መምህር ቤታችን መጣ። ሰውየው የከተማችን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የነባር ዘፋኞች ዝግጅት እያሰናዳ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የዱሮውን ካሴት ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ትሁት ሰው ነው፣ ለእኔም ተነስቶ ነው የጨበጠኝ።

«ይህቺ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያለችው ኮርድ፣» አለ፣ «ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አሰማታለሁ። ማንም እዚያ ላይ ሜጀር አይጠብቅም። ማን ነው ያስገባት?»

ብርጭቆ የያዘው እጄ ቆመ። ባሌን አየሁት።

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ይሆናል?» አለ ባሌ፣ እግሩን አጣምሮ። «እንዲሁ መጣችልኝ።»

እንግዳ ፊት ባሌን ላዋርድ? ብርጭቆውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

መምህሩ ቀጠለ። ቅንብሩን የሚጽፈው በካሴቱ ቶን እንደሆነ ተናገረ፤ የአዳራሹ ጥሩምባ ነፊዎችም ሁሉም በዚያ ይለማመዳሉ። «ድምፅዎ አሁንም ይደርሳታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይደርሳታል? ያልፋታል እንጂ!»

«እንግዲያው ቅዳሜ የምትሠሩበት ሰርግ ላይ መጥቼ እሰማለሁ። የሚያጅቡዎትንም እሰማለሁ። ከወደድኩት ሦስታችሁንም ነው የምወስደው፤ አብሮ የኖረ ባንድ መነጣጠል አልወድም» አለና ወደ እኔ አየ።

ልቤ እንዴት እንደዘለለች! በዕድሜዬ ሰው ሊሰማ ብቻ የመጣበት መድረክ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሁልጊዜ ከሳህን ጋር ነው የምወዳደረው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው አፉን ባዶ አድርጎ ያቺን ጥቁር ቁልፍ ስነካ ቢሰማኝ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ባሌ በካሴቱ ቶን ሊዘፍን ነው! አራት ግማሽ ደረጃ ከራሱ በላይ! ሰርጉ ላይ በበተኔ ብናመልጥ እንኳ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት ይሰበራል።

«ንገሪው እትዬ» አለኝ ዋርሳዬ። «ከሰው አፍ ከሚሰማው ካንቺ ይስማው።»

ቅዳሜ ጠዋት ልነግረው ቆረጥኩ። መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል፣ ያን ዘፈን ያንጎራጉራል። ዝቅ አድርጎ፣ ከደረቱ፣ ምንም ሳይቸገር። እንዲያው ሲያምርበት! ሰንፎ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ስማኝማ፣» አልኩት በሩን ተደግፌ፣ «የዘፈኑን ቶን ነገር…»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። «ቶኑ ምን ሆነ?»

«አይ፣ ትንሽ ብናወርደው ለመምህሩም…»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ» አለና መላጨቱን ቀጠለ። ተቆጣ ብዬ ተመለስኩ። ቃሉ እንደገና ወደ ጆሮዬ የመጣው በኋላ ነው።

ሰርጉ የምሳ ሰርግ ነበር። ረጅም አዳራሽ፣ ነጭ የለበሱ ወንበሮች፣ ከኋላ በኩል የሳህን ኳኳታ። መምህሩ ከሙሽሮቹ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ብቻውን ተቀምጧል፣ ሳህኑን እንኳ አልነካም። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ጥፍሬን ሁሉ አሳጥሬያለሁ። ዘፈኑ ሲደርስ በተኗን አራቴ ተጫንኩ፣ ዋርሳዬን ጠቀስኩት፣ ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አየኝ፣ ማይኩን አነሳ።

መብራት ጠፋ።

ምን አለ በሌላ ቀን ቢያደርገው! ማራገቢያዎቹ ቆሙ፣ ሰው «ኡ!» አለ፣ አስተናጋጆች ተሯሯጡ። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ሲያስል፣ ሲያስል ቆይቶ ተነሳ። መብራቱ መጣ። ኪቦርዴም ተነሳች። ኪቦርድ ደግሞ ጠፍታ ስትነሳ ሁሉንም ትረሳለች፤ የወረደው ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይሄን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። እጄም ወደ በተኗ እየሄደ ነበር፣ በሞቴ እየሄደ ነበር። ግን ባሌ ማይኩን አንስቶ፣ መብራቱ እስኪረጋጋ ሰውን ሊያጫውት ጀመረ።

«ይቺን ዘፈን ስሠራ፣» አለ መምህሩን እያየ፣ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ እንቅልፍ አጣሁ። ሚስቴ አኩርፋ ተኝታለች፣ እኔ ብቻዬን ኪቦርዱን ስደባብስ ያቺ ኮርድ እጄ ላይ ወደቀች። እስቲ ስሙልኝ!»

ደሜ ፈላ። አኩርፋ ተኝታለች! ኪቦርዷ ጉልበቴ ላይ አልነበረች እንዴ! አንድ ቁልፍ እንኳ የት እንዳለ አያውቅም እኮ፣ እስከ ዛሬ ኪቦርዷን ሲሸከማት እንኳ ገልብጦ ነው! ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ ጣቶቼ በንዴት ነጩ ላይ ወረዱ፣ ተጫወትኩ።

በተኗን መርሳቴን ሁለተኛው ኮርድ ላይ ነው ያወቅኩት። ዋርሳዬ እንደለመደው ታች ወርዶ ነው የገባው፣ እኔ ላይ ነኝ፤ ባሱና ኪቦርዱ ሰው ፊት ተደባደቡ። ዋርሳዬ ክው ብሎ አየኝና ተንደርድሮ ወደ እኔ ወጣ። ባሌም ተከተለን፣ ምን ያድርግ። ሁለቱን ስንኝ ደም ሥሩ ተገትሮ ገፋው። አሁን ላውርደው? በዘፈን መሃል ቤቱን እንዳለ ከሥሩ ልናደው? አልቻልኩም። ሦስተኛው ስንኝ መጣ፣ መሃል ጣቴ ጥቁሯ ላይ አረፈች፣ መስኮቷ ተከፈተች። ባሌ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ድምፅ አልነበረም። አየር ነው። ከዚያም አንድ ስንጥቅ ነገር፣ ውሻ ጅራቱን ሲረግጡት እንደሚያሰማው።

ከዚያ ሰው በይሉኝታ አጨበጨበ፤ ከሁሉ የከፋው ያ ነው። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። አሁን ባሌ ይወድቃል፣ ልቡ ይቆማል፣ እኔ ገደልኩት ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አራቱን ረሳሽ?»

አልገባኝም። «ምን?»

«አራቱን እኮ! አራት ጊዜ መጫን እንዴት ያቅትሻል? ዛሬን መርጠሽ?»

አራት አለ። ቁጥሩን ያውቃል። ባሌ ቀና ብሎ ማይኩን ገለጠና ፈገግ አለ። «ይቅርታ እንግዶቼ፣ ወይዘሮ በተን ዛሬ በተኗ ጠፍታባታለች!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች። «ተጫኚ» አለኝ በጥርሱ መሃል። ተጫንኩ። አራቴ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ ግራ አየ፣ ጀመረ። አማረለት፤ መስኮቷን እንደ በፊቱ በቀላሉ ከፈታት። እኔ እጄ ይጫወታል፣ ራሴ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ሲያበቃ መምህሩ መጣ። ባሌ ምንም ሳያፍር «ካሴቱን አይመኑት መምህር፣ አሁን ከዚያ አራት ዝቅ ብዬ ነው የምሠራው፤ ዕድሜ ነው እንግዲህ!» ብሎ ሳቀ። «እሷ ግን እንዲህ ባለ ቀን…» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መምህሩ ቅንብሩን በዚያው ቶን እንደሚጽፍ ቃል ገባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «የአዳራሹ ፒያኖ በተን የለውም፣ እናቴ» አለኝ። በክፋት አልነበረም። እውነቱን ነው፤ አራት ዝቅ ሲል ያ ዘፈን ጥቁር በጥቁር ላይ ነው፣ ጣቶቼ ደግሞ ያን መንገድ አያውቁም። ዋርሳዬንም አዳራሹ የራሱ ባስ ተጫዋች አለው ብሎ ተወው።

ቤት እንደገባን ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቅኩት። «ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«ማውረዴን።»

ሸሚዙን እየፈታ እንደ ሕፃን አየኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? የገዛ ጉሮሮዬ የት እንደሚደርስ ይጠፋኛል? ከመጀመሪያዋ ቀን ነው የማውቀው፣ ከጉንፋኗ ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ሥራሽ አይደል? ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አይሻለሁ፣ ትጫኛለሽ። መቼ ተጣላን?»

ያቺ እይታ! ያቺ ልቤን የምታሞቀው እይታ ይቺ ነበረች። አሳንሰር የሚጠራ ሰው በተኑን እንደሚያየው ነው ሲያየኝ የኖረው።

«እኔ እንዳይከፋህ ብዬ ነው እኮ ስደብቅህ የኖርኩት» አልኩት። «ስንቱን ቀን ቢያውቅ ምን ይሆናል እያልኩ ስሳቀቅ!»

«ስትደብቂኝ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው የተውኩሽ» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ ያልለመደበት ትሕትና በድምፁ ገብቶ፣ «እስቲ ያቺን ኮርድ አሳዪኝማ» አለኝ። «መምህሩ መድረክ ላይ እንዴት እንዳገኘኋት ይጠይቀኛል፤ ፒያኖው ላይ ነካ አድርጌ ላሳይ።»

ብጮህ በወደድኩ። ግን ኪቦርዷን ከፍቼ እጁን ያዝኩና ጣቶቹን አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ። ወፋፍራም ጣቶች፣ ጥቁሯ ላይ መሃል ጣቱ ይንሸራተታል፣ አጠገቧን ይነካል፣ ዲ ማይነር ይሆናል። ደጋገምን። ሰው ያደረገውን ነገር ጣቱ ያስታውሳል፤ እሱ የሚያስታውሰው አልነበረውም። «ይቅር፣ እጄን አሞኛል እላለሁ» ብሎ ተነሳ።

የዝግጅቱ ቀን እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለእኔና ለዋርሳዬ ከፊት ወንበር ሰጡን። አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ሌላ መቼ ልለብሰው ነው? አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ሳህን የለም፣ ሹካ የለም፣ ሰው ሁሉ አፉን ባዶ አድርጎ ተቀምጧል። መድረኩ ላይ ጥቁር ፒያኖ፣ ወንበሩ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ እግር ሰውዬ።

መምህሩ ባሌን ጠራው፣ ስለ ኮርዷ ለሰው አስረዳ፣ ኮርዷንም አስነክቶ አሰማ። ሰው «እህ!» አለ። ያን «እህ» ስጠብቀው የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ።

«እንዴት አገኟት?» አለው መምህሩ።

ዋርሳዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ባሌን ብቻ ነው የማየው። አሁን እንኳ ይበለው፣ አንዴ፣ «ሚስቴ ናት» ይበል ብዬ ጠበቅኩ። ባሌ ከፊት ወንበር እንደተቀመጥኩ አየኝ። በደንብ አየኝ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

«እኔ ምን አውቄ፣» አለ፣ «ፈጣሪ ነው የሰጠኝ።»

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው!» ስትል ሰማሁ።

«እንውጣ እትዬ» አለኝ ዋርሳዬ በጆሮዬ፣ እንባው እየታገለው። ልነሳ ነበር። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ። መድረኩ ላይ ጭብጨባው ጸጥ አለ፣ ባሌ ማይኩን ያዘ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገና በልማዱ ወደ ግራ ዞረ። ፒያኖ ተጫዋቹ ወረቀቱን እያየ ነው፣ አላየውም። ባሌ ቆሞ ጠበቀ። አፉን አልከፈተም።

የኔ ጣት ግን፣ ሳላዘው፣ ቦርሳዬ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ተጫነ። ዋርሳዬ አየኝ። ያን ጣቴን በሌላኛው እጄ ጨምድጄ ያዝኩት፣ ባሌም ዘፈነ።